በእሁድ ምስክርነት የተሸጠ ክሬም

ጠዋት ጠዋት ፊቷ እያበጠ የምትነሳን ልጅ «መታጨት ተስማማሽ፣ ወፈርሽ» እያላችሁ ያሞገሳችሁ ሰዎች፣ ዓይናችሁ የት ነበር? ሆሳዕና፣ ክሊኒክ ውስጥ፣ ሐኪሙ አውራ ጣቱን በልጅቷ በማራኪ ቅልጥም ላይ ጫን አድርጎ አነሳ። ጣቱ ያረፈበት ቦታ እንደጎደጎደ ቀረ። አብራት የመጣችው አክስቷ ገነቴ ሻርፗን ከትከሻዋ ሳብ አድርጋ እግሯን ሸፈነችላት።

«ኩላሊትሽ ማስቀረት የነበረበትን ፕሮቲን በሽንት ያስወጣል» አላት ሐኪሙ። «በሕፃናት ላይ ብዙ ጊዜ መነሻው አይታወቅም። በአዋቂ ላይ ግን ስኳር፣ የጉበት ቫይረስ፣ አንዳንድ መድኃኒትም ያመጣዋል። አንቺ ላይ እነዚህን አላገኘሁም። ፊትሽን ምን ትቀቢያለሽ?»

ማራኪ ከቦርሳዋ ስም ያልተጻፈበት የክሬም ዕቃ አወጣች። ሐኪሙ ከፍቶ አየውና ክዳኑን መለሰ። «እንዲህ ያለው የፊት ማቅሊያ ሜርኩሪ ሊኖረው ይችላል። ሜርኩሪ ኩላሊት ያበላሻል። ከዛሬ ጀምሮ እንዳትቀቢ። ከየት ገዛሽው?»

«አዲሎ ከተማ፣ መንገድ ላይ» ብላ ገነቴ ቀድማ መለሰች።

ማራኪ ቀና ብላ አየቻት። «አክስቴ፣ የሸጥሽልኝ አንቺ አይደለሽም? ባለፈው እሁድ ለምስክርነት ቆመሽ ‹ጌታ የልጄን ፊት አበራው› አልሽ። መዘምራኑ በሙሉ ከጸሎት ቤት ወጥተው እንግዛ ብለው አንቺ ቤት ተሰለፉ።»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ። የፊታችን እሁድ እዚያው መድረክ ላይ ትወጫለሽ። ፊቴን ያበራው ምን እንደሆነ በማይክ ትነግሪያቸዋለሽ።»