ሽታ የሌለው አየር

ከሰኞ ጀምሮ ያላባራው ዝናብ ብቻውን የሚኖርባትን የኪራይ ክፍል ቢያቀዘቅዛትም የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ወንበሩን አልለቀቀም። አራት ዓመት የተከታተላት ፕላኔት በራሷ ፀሐይ ፊት ስታልፍ የተቀዳው ብርሃን ኮምፒውተሩ ላይ ተዘርግቷል። ከብርሃኑ የጎደለው ቀለም ፕላኔቷን የከበባት አየር ምን እንደሆነ ይናገራል። ከሰዓት በኋላ ደረሰበት፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው።

የሚነግረው ሰው ሲፈልግ ጎሬ ካለችው እናቱ በቀር ማንም አልመጣለትም። ደወለላት።

«እማዬ፣ የፕላኔቷን አየር አወቅሁት። መርዝ ነው።»

«ሳትደርስባት እንዴት አወቅህ?»

«ብርሃኗን አይቼ። ብርሃኗ ራሱ እኛ ጋ ለመድረስ ዘጠና ዓመት ይፈጅበታል።»

«ሰው ቢሄድባትስ ምን ይሆናል?»

«መጀመሪያ ምንም አይታወቀውም። አየሩ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ቀስ ብሎ ይገድለዋል።» ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ራሴን አሞኛል እማዬ። ከደስታ ብዛት ይሆናል።»



«ምላስህ ምነው ተሳሰረ?»

«እንቅልፌ መጥቶ ነው።»

«እዚያ ይበርዳል?»

«አሁንስ ሞቆኛል።»

«ልጄ፣ በር ዘግተህ ከሰል አያይዘሃል እንዴ?»

ጠረጴዛው ሥር፣ እግሩ አጠገብ ፍም የሞላውን የከሰል ምድጃ አየው። በሩ አራት እርምጃ ይርቃል። ሊነሳ ሲል እግሮቹ አልታዘዝ አሉት።

«አጠገብህ ማን አለ?» አለች እናቱ።