ለድንጋዩ የጎደሉት ስሞች

ውዳሴ ወረቀቱን ያገኘችው አባቷ ባረፉ በአርባኛው ቀን ማግስት፣ ልብሳቸውን ለዘመድ ለማከፋፈል ሻንጣቸውን ስትከፍት ነው። በአያቷ በጸሐፊ ልዑልሰገድ የእጅ ጽሑፍ ሰባት ስም ተደርድሯል። ከግርጌው «በኮንጋ ሶንጎ ተቀምጠው የሚፈርዱ፣ 1934 ዓ.ም.» ይላል።

ዲላ ተወልዳ ያደገች፣ ሃያ ዓመት ታሪክ ያስተማረች ሴት ናትና ምን እንደያዘች ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባትም። ጣሊያን ተባርሮ የንጉሡ መንግሥት ሲመለስ ዳኛም ሹምም ከማዕከል ይላክ ተባለ፤ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ሶንጎ በሚሉት የሸንጎ ስፍራቸው ተቀምጠው መዳኘታቸው ተከለከለ። ይርጋጨፌ አጠገብ ያለችው የኮንጋ መንደር ሽማግሌዎች ግን አልተዉም። አንድ ጠዋት ወታደር መጥቶ ሰባቱን ከየቤታቸው ለቅሞ ወሰደ። አልተመለሱም። ስማቸውን ማን አሳልፎ እንደሰጠ ኮንጋ ማንንም አልጠየቀም፤ በዚያ አካባቢ መጻፍ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ዘንድሮ ደግነት የሚባል የኮንጋ ርእሰ መምህር ለሰባቱ መታሰቢያ ድንጋይ አስጠርቧል። የአምስቱን ስም ቤተሰቦቻቸው ነግረውታል። የሁለቱ ዘር ግን ተበትኖ ስማቸውን የሚያውቅ ጠፋ።

ወንድሟ ሳምሶን ወረቀቱን እንዳየ አቃጥዪው አላት። ልጆቻችን እዚሁ ነው የሚኖሩት፣ የጠቋሚ ዘር እንዲባሉ ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ ተቆጣ። ሳምንት ሙሉ በቦርሳዋ ይዛው ዞረች፤ ጠመኔ ይዛ ሰሌዳ ፊት ስትቆም የሁለቱ ስም አፏ ላይ እየመጣ ያስቸግራት ጀመር።

ቅዳሜ በአውቶቡስ ይርጋጨፌ ወረደች፤ ከዚያ በሞተር ኮንጋ ገባች። ደግነት ዝርዝሩን ሲያነብ ሁለቱ ስሞች ላይ ጣቱ ቆመ። አልወቀሳትም። ከዚያ ዘመን ሰዎች በሕይወት ያሉት አባባ ጅግሶ ብቻ ናቸውና እሳቸው ይስሙት ብሎ ይዟት ሄደ።

በመንገድ ላይ ስለ ሽማግሌው አጫወታት። ዘጠና ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው አያይም። አባታቸው እዚሁ ቀዬ አርጅተው እዚሁ ነው የተቀበሩት። የዚያን ዘመን ነገር ሲጠየቁ ልጅ ነበርኩ፣ ረሳሁት ይላሉ። ለሽምግልና ሲጠሩ ሶንጎ ተቀምጠው አያውቁም። ሰው ጸሐፊውን ሲረግም ደግሞ ተነሥተው ይሄዳሉ። ሐዘኑ ስለሚከብዳቸው ነው አላት።

አባባ ጅግሶ በእንሰትና በቡና መሃል ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው አገኟቸው። ውዳሴ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። የማን ልጅ እንደሆነች ተናገረች፤ በቤተሰቧ ስም ይቅርታ ለመነች።

ሽማግሌው ራሷን ዳሰሱ።

«የጸሐፊ ልዑልሰገድ የልጅ ልጅ» አሉ ጥርት ባለ አማርኛ። «ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው።»

አያቷ የመንደሩን ልጅ እያስተማሩ የመንደሩን ሽማግሌዎች ማስያዛቸው ከቀድሞው ይልቅ አሳፈራት።

«አንብቢልኝ» አሏት።

አነበበች። በየስሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የጠፉት ሁለቱ ስሞች ሲጠሩ ሽማግሌው የየአንዳንዳቸውን የአባት ስም ከእሷ ቀድመው ጨረሱት። ደግነት ቀና ብሎ አያቸው።

«ሌላ የለም?»

«የለም አባባ። ሰባት ናቸው።»

«ከጀርባውስ?»

ገለበጠችው። ምንም አልተጻፈበትም አለቻቸው።

እጃቸው ከራሷ ላይ ወረደ። ከማያዩት ዓይኖቻቸው እንባ ወርዶ ጺማቸው ውስጥ ገባ።

«እኔ እኮ ለጸሐፊ ስምንት ስም ነበር የጠራሁላቸው» አሉ፤ «ከአባቴ ጀምሬ።»