ሺኛው ሰው
የዓመቱ የሕዝብ ቆጣሪ ደጃፏ ሲደርስ፣ ደብሪቱ የባሏን ከዘራ ከበሩ አስደግፋ፣ ያለችውን አንዲት ጥንድ ጫማውንም ወልውላ ከደፉ ሥር አስቀምጣ ነበር።

ባሏ ዘለለው ከተቀበረ ሦስት ቀኑ ነው። ጥሩምባ አልተነፋለትም፤ ድንኳን አልተተከለለትም፤ ደረቱን የመታለት ሰው የለም። ሕገ መንግሥቱ ከተሻሻለ ወዲህ የክልሉ ወጪ ከሕዝቡ ቁጥር ቀድሞ ማደግ አይችልም፤ ነዋሪዋ ከሺህ የጎደለ ቀበሌ ደግሞ ነርሷን ታጣለች። ይቺ ቀበሌ ዘለለውን ጨምራ ልክ ሺህ ነበረች። ጎረቤቱ ተማክሮ በጸጥታ ቀበረውና ደብሪቱን፣ «እንባሽን ዋጥ አድርጊው» አላት።

«አቶ ዘለለውስ?» አለ ቆጣሪው መዝገቡን እያየ።

«ገበያ ወጣ።»

«በእግራቸው?»

«በእግሩ ነዋ! መኪና ያለን መሰለህ?»

ቆጣሪው ጫማውን አየ፤ ከዘራውን አየ። ስህተቷ ያኔ ገባት፤ ባዶ እግሩን፣ ያለ ከዘራው ገበያ ልካዋለች።

ከማዶ፣ ከጤና ኬላው፣ ነርሷ ክትባት የወጋችው ሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ቆጣሪው ዞሮ ጤና ኬላውን አየ። ከዚያ «ሺህ» ብሎ መዘገበ፤ ባርኔጣውን አወለቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እግዜር ያጥናዎት፣ እናቴ» አላት።

ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ቃል ያላት ሰው አልነበረም። የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ እንባዋን መለሰችው።

«ማን ሞቶብኝ?» አለችው።