ባንዴ ወይስ ለየብቻ

ኦራታይ ወረቀቱን ያገኘችው የባሏን ሱሪ ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ነው። ጽሑፉ የራሱ የሱራሳክ ነበር። «ሐሙስ ሁለት ሰዓት። ባዶ ሆድ። ሆድና ጡት። ባንዴ ወይስ ለየብቻ?» ይላል። ከሥሩ ባንኮክ ያለ የአንድ የውበት ቀዶ ሕክምና ክሊኒክ ስልክ ተጽፏል።

ወረቀቱን ወደነበረበት መለሰችው። ሱሪውን ግን አላጠበችውም።

ሦስተኛ ልጇን ከወለደች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ሆዷ ውስጡ እንደወጣለት ከረጢት ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ሱራሳክ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እሷም ዝምታውን ደግነት አድርጋ ቆጥራው ነበር።

የሚኖሩት ባንኮክ አቅራቢያ ናኮን ፓቶም ነው። እሱ ሰው የሚያመላልስ ፒካፕ ይነዳል፤ እሷ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው ገበያ ውስጥ ሙዝ ትጠብሳለች። ልጆቹን የሚይዙላቸው እናቱ ቡንሲ ናቸው። ቡንሲ ገና በወጣትነታቸው ባላቸው ሞቶባቸው ሱራሳክንና ሁለት እህቶቹን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው።

በማግስቱ ኦራታይ ነገሩን ለቻንታና አወራቻት። ቻንታና ከጎኗ የፓፓያ ሰላጣ የምትወቅጥ ወዳጇ ናት።

«ጥፍርሽን እንኳ አስቆርጦሽ የማያውቅ ሰውዬ ሆድሽን ሊያስቆርጥሽ?» ብላ ሳቀች። የኦራታይን ፊት ስታይ ግን ሳቋን ተወችው። «የአጎቴ ልጅ ፒምጃይ ሁለቱንም ባንዴ ነው ያስደረገችው። አንድ ማደንዘዣ፣ አንድ ሕመም፣ አንዴ ተኝቼ ልገላገል ብላ። በሦስተኛው ቀን ደሟ ረግቶ ሳንባዋ ውስጥ ገባ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አመዷን ተቀበልን።»

ኦራታይ ሙዙ እስኪያር ድረስ ማገላበጡን ረሳችው። «ለየብቻ ቢሆንስ?»

«ለየብቻ ከሆነማ ሁለት ጊዜ ትፈሪያለሽ።»

ቤት ስትደርስ ሱራሳክ አንድ አልጋ ከፎቅ ወደ ምድር ቤት እያወረደ ነበር።

«ምን ልታደርገው ነው?»

«ደረጃ ላለመውጣት» አለ ሳያያት።

«ማነው የማይወጣው?»

አልጋውን ከግድግዳው አስጠጋና ላቡን ጠረገ። «ለአንድ ወር ልጆቹን የሚይዝልን ሰው እናገኝ ይሆን?» አላት።

ማን ሊታመም ነው ብላ መጠየቅ ፈለገች። መልሱን ፈርታ ተወችው።

ቡንሲ ለሕፃኑ ሩዝ እያጎረሱ ነበር። ኦራታይን ከላይ እስከ ታች አዩዋትና ዓይናቸውን ሰበሩ።

«ሴት ወልዳ ስትጨርስ ገላዋ ተመልሶ የራሷ ቢሆን ነውር አለው ትያለሽ?»

«የለውም፣ እማማ።»

«ሁለቱን ባንዴ የሚያስደርጉ አሉ አሉ።»

«የሚሞቱም አሉ አሉ።»

ቡንሲ ማንኪያውን አስቀመጡ። «እንግዲህ ልጆች እንደሆኑ ያድጋሉ» አሉና የሕፃኑን አፍ ጠረጉ።

ኦራታይ የሕፃኑን ሳህን አነሳች። እናትና ልጅ መክረውባታል።

ረቡዕ ከሥራ ስትመለስ ሱራሳክ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ስልክ ያወራል። መስኮቱ ክፍት ነው። ከኋላ ቆማ ሰማችው።

«ሦስት ወልዳለች፣ ዶክተር። አዎ፣ ሦስቱንም አጥብታለች። አይ፣ እሷ አፍ አውጥታ አትናገርም፤ ታፍራለች። መስታወት ፊት እንኳ አትቆምም።» ትንሽ አዳመጠ። «ባንዴ ቢሆንስ ትተርፋለች? ... እሺ። ነገ እንመጣለን።»

ሐሙስ ስትነቃ ሱራሳክም ቡንሲም ቤት አልነበሩም። ሩዝ ተቀቅሎ ተቀምጧል። ለልጆቹ አቀረበችላቸው እንጂ እሷ አልቀመሰችም። «ባዶ ሆድ» የሚለው ቃል ከሐሳቧ አልወጣ ብሏት ነበር።

ስልኳ ጠራ።

«ልጆቹን ቻንታና ጋ ተያቸውና ክሊኒኩ ነይ፤ አድራሻውን እልክልሻለሁ» አለ ሱራሳክ። «አንቺ ሳትመጪ ምንም አይጀመርም።»

ቻንታና ጋ ትታቸው ልጆቹን ስትስም ለትልቋ የሕፃኑ የክትባት ካርድ የት እንዳለ ነገረቻት። ባቡሩ ውስጥ ኦራታይ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች። ሦስት ልጅ የተኛበት ሆድ ነው። ባንኮክ እስክትደርስ ፍርሃቷ አልለቀቃትም፤ ግን ቁርጥ ሐሳብ ላይ ደረሰች።

ሱራሳክ የክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል።

«ፈርቻለሁ» አላት።

«አንተን ምን ያስፈራሃል?»

ዶክተሯ መጣች። «ኦራታይ እርስዎ ነዎት? ጥሩ። የሚጠበቀው የእርስዎ ቃል ነው። ምርመራው ሁለቱንም ይፈቅዳል፤ እኔ ግን ለየብቻ ቢሆን እመርጣለሁ። እርስዎስ?»

«አንዱንም አልፈልግም» አለች ኦራታይ። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። «ሦስት ልጆች አሉኝ። ባሌ ገላዬን ካልወደደው በአፉ ይንገረኝ፤ ቢላ አይላክብኝ።»

ሱራሳክ ከመቀመጫው ተነሳ። «የማንን ገላ ነው የምታወሪው?»

ዶክተሯ ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸውና የክፍሉን በር ገፋ አደረገችው።

አረንጓዴ የቀዶ ሕክምና ልብስ ለብሰው አልጋው ላይ የተቀመጡት አማቷ እጃቸውን ዘረጉላት፤ «ነይ እስቲ ልጄ፣ ያላንቺ መወሰኑ አስፈራኝ» አሉ።