አንድ ሰው የጎደለው ኮርስ

ከሥራ ወጥታ ሦስት ታክሲ ቀያይራ ዩኒቨርሲቲው ስትደርስ፣ የቢዝነስ ማስተርስ ተማሪዎች የምርጫ ኮርስ ሊመዘገቡ ተሰልፈዋል። ደክሟታል፤ ቀላሉን ይዛ ቤቷ መግባት ነው የፈለገችው።

ኮቱ የነተበ ጎልማሳ ወረቀት ይዞ ቀረባት።

«እህቴ፣ የንግድ ሥነ ምግባር ኮርስ ዘጠኝ ሰው አለን። አሥር ካልሞላ ይዘጋል።»

«መምህሩ እንዴት ነው?»

«ያስተኛል ይላሉ።»

«ማርክ ይሰጣል?»

«ኧረ ይሰስታል።»

ሳቋ መጣ። ቀኑን ሙሉ እውነት የነገራት ሰው እሱ ብቻ ነበር። ፈረመች።

የመጀመሪያው ቀን ቀድማ ገብታ፣ አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አስቀምጣ ቦታ ያዘችለት። በሩ ላይ ሲታይ «እዚህ ጋ!» ብላ ጠራችው።

ጎንበስ ብሎ አመስግኗት አለፈ። ከሰሌዳው ፊት ቆመና ስም መጥራት ጀመረ።