በባቡር የመጣ ሽማግሌ

ወይዘሮ ፋንታዬ ሌዊስቪል ያለው አፓርትመንታቸው ደጃፍ ላይ ቆመው «በዚህ በር ሽማግሌ አይገባም!» ካሉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ምክንያታቸውን ከማንም አልደበቁም። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ፀደንያ ፎርት ዎርዝ እየተመላለሰች የምትሠራ ነርስ ናት፤ ካገባች እዚያው ትቀራለች። እሳቸው ደግሞ ሃይዌይ አይነዱም። እስከሚሠሩበት ዌርሃውስና እስከ ቤተ ክርስቲያን በውስጥ ለውስጥ መንገድ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ለእሳቸው ባሕር ማዶ ነው።

ስለዚህ ፀደንያ ለልደታቸው የባቡር ትኬት ስትሰጣቸው ጠረጠሩ።

«ማሚ፣ ስቲም ባቡር ነው፣ የድሮ። አስጎብኚ አለው፣ የከሰዓት ሻይ አለው። ሶ፣ ዝም ብለሽ ኢንጆይ አድርጊ።»

«ዓርብ አይደል እንዴ? እጾማለሁ።»

«ሻዩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ልክ ስትፈቺ።»

ሁሉም ታስቦበታል። ይህም አላማራቸውም።

ባቡሩ ጥቁር ነበር፤ ጭሱን እየተፋ ይጠብቃል። ለአራት ሰው በተሰናዳው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰዎች ቀድመው ተቀምጠዋል፦ ከረቫት ያሰሩ አዛውንትና ሙሉ ሱፍ የለበሰ ጎልማሳ። በቴክሳስ ሐምሌ፣ ሱፍ!

«አሻግሬ እባላለሁ፣ ይሄ ኤልሮኢ ነው» አሉ አዛውንቱ። «እንዴት ያለ መገጣጠም ነው! እኛም ሐበሻ፣ እናንተም ሐበሻ።»

ፀደንያ ተገረመች። ትንሽ በዛ እንጂ።

ወይዘሮ ፋንታዬ ያኔውኑ ገባቸው። ሽማግሌ ነው! ያውም ሙሽራውን አስከትሎ! እሳቸው በሚያውቁት ወግ፣ አግቢ ሽማግሌ ይልክና ራቅ ብሎ ይጨነቃል እንጂ ከሽማግሌው እኩል ወንበር ይዞ አይቀመጥም። አሜሪካ ያልበላችው ወግ የለም።

«የት ነው የምትኖረው?» ሲሉ ኤልሮኢን ጠየቁት።

«ፎርት ዎርዝ።»

«ትጾማለህ?»

«ማለቴ… ትራይ አደርጋለሁ።»

ባቡሩ ጮኾ ተንቀሳቀሰ። አስጎብኚው ምናሴ የሚባል፣ ሰደርያ የለበሰና ማይክ የያዘ ሐበሻ ነበር። ለተሳፋሪው ሁሉ በእንግሊዝኛ ይናገርና ወደ ወይዘሮ ፋንታዬ መጥቶ በአማርኛ ይደግምላቸዋል።

«እማማ፣ መንኰራኩሩ እንፋሎቱን ይገፋል» አለና ደነገጠ። «ይቅርታ፣ እንፋሎቱ ነው መንኰራኩሩን የሚገፋው።»

«አይዞህ፣ የገፋው ይግፋው» አሉት። በዚያ ባቡር ላይ ያስደሰታቸው ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ሻዩ መጣ። በባለሦስት ፎቅ ሳህን ላይ ጣት ጣት የሚያካክሉ ሳንድዊቾችና ኬኮች ተደርድረዋል። ለወይዘሮ ፋንታዬ ግን ምናሴ ለብቻ የአቮካዶ ሳንድዊች አቀረበላቸው፤ ቅቤም እንቁላልም አልነካውም። ሻዩን በሁለት እጁ ቀዳላቸው፤ ግማሹ ከስኒው ውጭ ፈሰሰ።

«ተባረክ የኔ ልጅ። ፀደንያ፣ ሰው ሲያስተናግድሽ ቀና ብለሽ አመሰግናለሁ አትይም?»

«ታንክ ዩ» አለች ፀደንያ፣ ሳህኗን እያየች።

አቶ አሻግሬና ኤልሮኢ ምንም አልቀመሱም። ጉዳዩ ሳይመለስ እህል አይነካማ! ኤልሮኢ ግን ኬኩን እያየ ምራቁን ይውጣል። መሐል ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ሃኒ፣ በኋላ ኮል አደርግሻለሁ» ብሎ ዘጋው።

ሃኒ! ሽማግሌ አስቀምጦ ሌላ ሃኒ! ወይዘሮ ፋንታዬ ልጃቸውን ገላመጧት። ፀደንያ ምንም ሳይመስላት ስኳር ታማስላለች። ይህ ይብስ አናደዳቸውና እጄን ልታጠብ ብለው ተነሡ።

ምናሴን መተላለፊያው ላይ አገኙት።

«ያን ባለ ሱፍ አየኸው? አንዲት ልጄን ሊወስድብኝ ነው። ፎርት ዎርዝ! እኔ ሃይዌይ አልነዳ። እሷ ከሄደች ማታ ማታ የሚያወራኝ ቴሌቪዥን ብቻ ነው።» እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። እስከዚያ ቀን እንዲህ ብለው ለሰው ተናግረው አያውቁም።

ምናሴ የያዘውን ማንቆርቆሪያ የሚያደርግበት ጠፋው። «ማን ብቻዎን ይተውዎታል፣ እማማ?»

«አንተስ የት ነህ?»

«እኔማ ሌዊስቪል ነኝ። ከእርስዎ ሁለት የትራፊክ መብራት አልፎ።»

«አየህ! ሰው ማለት እንዲህ ነው።» አፍንጫቸውን ጠርገው ተመለሱ።

ባቡሩ ወደ መነሻው ሲቃረብ አቶ አሻግሬ ከረቫታቸውን አስተካክለው ቆሙ። ኤልሮኢም ቆመ። ባቡሩ ሲያወዛውዛቸው ሁለቱም የወንበር ጀርባ ጨበጡ።

«ወይዘሮ ፋንታዬ፣ ቤትዎ እንዳንመጣ በሩ ዝግ ነው። የምንለምንዎ ነገር አለ። ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን። እሺ ካላሉን አንቀመጥም።»

ወይዘሮ ፋንታዬም ብድግ አሉ። ፈረንጆቹ የጉብኝቱ አካል መስሏቸው ስልካቸውን አውጥተው መቅረጽ ጀመሩ።

«አልሰጥም! ፎርት ዎርዝ ሰድጄ ሃይዌይ ዳር ቆሜ አላለቅስም። ደግሞ ስንት ሃኒ እንዳለው ማን ያውቃል! ለዚህ ከምሰጥ…» ዘወር ዘወር አሉና ጣታቸውን ምናሴ ላይ ቀሰሩ። «ለዚህ ሻይ ቀጂ እሰጣለሁ! እግዜር ምስክሬ ነው፣ ብሰጥ ለሱ ነው የምሰጠው!»



«አፍዎ ይባረክ!» አሉ አቶ አሻግሬ። «ኤልሮኢማ ባለትዳር ነው፤ ከእኔ ጋር ለሽምግልና ነው የመጣው። ምናሴ፣ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ያጣኸው በከንቱ ነው። በል ማንቆርቆሪያውን አስቀምጥና ጉልበት ሳም።»