ሴንት ሉሲያ ያለው ልጅ

ሊዮል የመኪናውን መስኮቶች አንድ በአንድ ዘጋ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ከዚያ በኋላ ነው ስልኩን ያነሳው። ከመጋዘኑ የሚወጡት የጭነት መኪኖች ድምፅ እናቱ ጆሮ እንዳይገባ ነው። የኦገስት ፀሐይ ጣራውን እየጠበሰው ነበር። "ሄሎ እማዬ" ብሎ ሳይጨርስ ግንባሩ በላብ ተጠመቀ።

እናቱ እታለማሁ የደወለችው ዳላስ አጠገብ ዋይሊ ካለው ቤታቸው፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ሆና ነው። ከጠዋት ጀምሮ ከዚያ አልተነሳችም። ሀሪኬን የሚሉት የባሕር አውሎ ነፋስ ወደ ደሴቶቹ እየተጠጋ መሆኑን፣ ነገ ጠዋት ማርቲኒክንና ሴንት ሉሲያን እንደሚመታ ዜናው እየደጋገመ ይናገራል። ባሕሩ ሞልቷል ወይ ብላ ጠየቀችው። ትምህርት ቤቱ ፎቅ ላይ አወጣችሁ ወይ? የሚጠጣ ውሃ ያዝክ ወይ? ሊዮል ሁሉንም አዎ አላት። ነፋሱስ ስትለው ቀና ብሎ አየ። ፓርኪንጉ ዳር ያለችው ዛፍ አንድ ቅጠል እንኳ አታነቃንቅም።

"እየጀመረ ነው" አላት።

ሴንት ሉሲያን ከለቀቀ ስምንት ወሩ ነው። የሕክምና ትምህርት ቤቱ፣ ሁለት ጊዜ የወደቀውን ፈተና ለሦስተኛ ጊዜ አላስፈተነውም። ዳላስ ሲያርፍ እግሩ ወደ ቤት አልሄድ ብሎት ጎረቤት ከተማ አርሊንግተን፣ ጓደኛው ባርናባስ ጋ አደረ። ለአንድ ሳምንት ያለው እዚያው ቀረ፤ መጋዘን ሥራ ያዘ። ስልኩ የዳላስ ቁጥር የሆነው በኢንተርኔት ስለሚሠራ ነው ብሏት እናቱ አምናዋለች። በሚያዝያ አንድ ቀን፣ ሐበሻ ሱቅ ውስጥ ከሩቅ አያት። ከስታለች። ከበርበሬው መደርደሪያ ኋላ ተሸሽጎ፣ ስለ ዶክተሩ ልጇ ለባለሱቋ ስታወራ ሰማት። ከዚያ ወዲህ እዚያ ሱቅ ደርሶ አያውቅም።

ስለ ፈተና መዋሸት ለምዶት ነበር፤ ስለ ካፌው ምግብም፣ ስለ ዶርሙም። የዛሬው ግን ሌላ ነው። እሱ ደረቅ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ እየሰጠመች ያለችው እሷ ናት።

"አትጨነቂ እማዬ። ማለቴ፣ እዚህ ሁሉም ተዘጋጅቷል፣ ሶ... ኦኬ ነን።"

እናቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ከዚያ፣ አባትህ እንዳልነግርህ አስምሎኝ ነበር ብላ ጀመረች። አባቱ መኳንንት ዳላስ ኤርፖርት ሻንጣ ጫኝ ነው፤ ትርፍ ወንበር ከተገኘ በነጻ ይበራል። በዚያ ፖርቶ ሪኮ ድረስ ሊሄድ ነው፤ ከፖርቶ ሪኮ ደግሞ በትንሽ አውሮፕላንም ይሁን በጀልባ ደሴቷ ላይ ሊደርስ።

"ሰው ከዚያ እየወጣ አንተ ትገባለህ ወይ አልኩት" አለችው። "ልጄ ብቻውን ነው አለኝ። አሁን ስሙን ጠርተውታል፣ ሊሳፈር ነው።"

ሊዮል የበሩን እጀታ ያዘ፤ አልከፈተውም። አባቱ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ዋና አያውቅም። አይምጣ በዪው አላት። አይሰማኝም አለችው። የደሴቷ አውሮፕላን ማረፊያ ይዘጋል፣ ጀልባም የለም አላት። እሱንም ነግሬዋለሁ አለችው። እጀታውን ለቀቀው።

"እማዬ፣ አርሊንግተን ነው ያለሁት።"

"እዚያም አርሊንግተን አለ?" አለችው። "ከፍታ ቦታ ነው?"

"የኛው አርሊንግተን ነው። ቴክሳስ። ወድቄ አባረውኝ... ከዲሴምበር ጀምሮ እዚሁ ነኝ።"

ከቴሌቪዥኑ የዜና አንባቢዋ ድምፅ ይሰማል። እናቱ አልጮኸችም።

"ነፋስ የለም?" አለችው በመጨረሻ።

"የለም እማዬ።"

"ውሃውም?"

"የለም።"

ተመስገን አለች። እንደ ሁልጊዜው ግን አላለችውም፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰለው። አባትህ ጋ ልደውል ብላ ዘጋችው።

የምሳ ሰዓቱ አልቆ ሠራተኞቹ ወደ መጋዘኑ ገቡ። ሊዮል እዚያው ቀረ። መስኮት መክፈት ትዝ አላለውም። አባቱ ስልኩን አጥፍቶ ተሳፍሮ ቢሆንስ? ደወለ፤ ተይዟል። ደግሞ ደወለ፤ ጠራ፣ የሚያነሳው ግን የለም። ሦስተኛ ሊሞክር ሲል ስልኩ እጁ ላይ ጮኸ።

አባቱ ነው። ከጀርባው አንዲት ሴት የአውሮፕላኑ በር እየተዘጋ መሆኑን በማይክሮፎን ትናገራለች። ሊዮል ይቅርታ አለ። ደግሞም ይቅርታ አለ።

"የት ልምጣ?" አለው አባቱ።

ሊዮል የመጋዘኑን አድራሻ፣ ከሀይዌይ 360 የቱ ጋ እንደሚወጣ ነገረው። አባቱ መንገዱን በሐሳቡ ሲነዳው ቆየ።

"ከዚህ እኮ ሃያ ደቂቃ ነው" አለ ቀስ ብሎ።

"አዎ አባዬ።"

ስልኩ ተዘጋ። ሊዮል በሩን ከፍቶ ወረደ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ጥላ ያለው መጋዘኑ ግድግዳ ሥር ነበር። እሱ ግን እስከ መንገዱ ዳር ሄደና፣ የሚመጣ ሰው ከሩቅ እንዲያየው ፀሐይ ላይ ቆመ።